ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው
ስለ ሲድኒው የሴንት ጆርጅ ክለብ የድል መዝገብ በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር



ዓመቱ ሲያልቅ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ መግለጫ እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ያህል ደብዳቤ ገባ፤ ይህን ያህል መዝገብ ውሳኔ አገኘ፤ ይህን ያህል ገቢ ተሰበሰበ ተብሎ በቁጥር ይዘረዘራል። ቁጥሩን የሚያዘጋጀው ጸሓፊ ይደክማል፤ የሚቀበለው አለቃ ግን ብዙ ጊዜ ድምሩን ብቻ አይቶ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዛሬ መዝገብን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት አስበናል። ምሳሌውንም ከመሥሪያ ቤት ሳይሆን ከኳስ ሜዳ ወስደነዋል፤ ምክንያቱም የኳስ መዝገብ ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ የማያሻማ መስሎ ስለሚታይ ነው። ያሸነፈ አሸነፈ፤ የተሸነፈ ተሸነፈ፤ ከዚህ በኋላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምርመራ የሚያስፈልግ መሆኑን ግን ነገሩ እየተገለጸ ሲሄድ እንረዳዋለን።

ታሪኩን የምንመረምርለት ክለብ በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን ስሙ ሴንት ጆርጅ ይባላል፤ ትርጓሜውም ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ስም በሰማ ጊዜ ሐሳቡ ወዲያው በ1928 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ራሳችን ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ መሄዱ አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱን ክለቦች ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ የእኛው እግር ኳስ ሲጫወት የሲድኒው የሚጫወተው ራግቢ ሊግ የተባለውን ጨዋታ ነው። የሲድኒው ክለብ ስሙን ያገኘው በከተማይቱ ደቡብ በኩል ካለው ከሚኖርበት ሰፈር መጠሪያ ነው። በዚህም ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እኛ በሥዕል የምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ነው፤ የሲድኒ ሕዝብ ግን ክለቡን በቅጽል ስም የሚጠራው ‹‹ዘንዶዎቹ›› እያለ ነው። ስሙን ከገዳዩ፣ ቅጽሉን ከሟቹ ወስዷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ራግቢ ሊግ በአንድ ወገን 13 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ በእግሩም ሊመታው ይችላል፤ ለባልንጀራው በእጁ ሲያቀብል ግን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድለትም። ባላጋራው ደግሞ የኳሱን ባለቤት ይዞ ይጥለዋል። ኳሱን ከባላጋራው የመጨረሻ መስመር ማዶ አድርሶ መሬት ያስነካ ሰው ‹‹ትራይ›› አገባ ይባላል፤ ይህም በዚያን ዘመን 3 ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ ከ1983 ወዲህ ግን 4 ሆኗል። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ኳሱን በእግሩ ያሳለፈ ደግሞ በዚያን ዘመን 2 ነጥብ ያገኝ ነበር።

ይህ ጨዋታ ከቀድሞው ራግቢ የተለየው በ1895 በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ የተለየበትም ምክንያት ደመወዝ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኙት ተጫዋቾች አብዛኞቹ በማዕድንና በፋብሪካ የሚሠሩ ወዛደሮች ስለ ነበሩ፣ ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ በቀሩ ጊዜ የቀን ገቢያቸው ይቀርባቸው ነበር። ክለቦቻቸው ይህን የቀረውን ገቢ ሊተኩላቸው ቢፈልጉ፣ የጨዋታው የበላይ ማኅበር ‹‹ጨዋታ በገንዘብ አይሆንም›› ብሎ ከለከለ። ስለዚህ የሰሜኖቹ ክለቦች ሀደርስፊልድ በተባለች ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ያ ማኅበር ወደ ሲድኒ ተዛምቶ በ1908 የመጀመሪያው የሲድኒ ውድድር ተደረገ። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከልደቱ ጀምሮ የሠራተኛው ሰው ጨዋታ ነው። የምንናገርላቸው ታላላቅ ተጫዋቾች እንኳ ለጨዋታቸው ክፍያ ይቀበሉ እንጂ ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ።

ሴንት ጆርጅ የተቋቋመው በ1920 ነው፤ ወደ ውድድር የገባውም በ1921 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ከግሌብ ክለብ ጋር አድርጎ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ መሸነፍ ምን ያህል እንደሚመር ክለቡ የተማረው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ነው ማለት ይቻላል። ይህን አንድ ነጥብ አድማጮች በልባቸው ይያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ዋንጫ ሳያገኝ ቆየ። በ1927፣ በ1930 እና በ1933 እስከ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ1941 ኢስተርን ሰበርብስ የተባለውን ክለብ 31 ለ 14 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በ1942 በካንተርበሪ 11 ለ 9፣ በ1946 ደግሞ በባልሜይን 13 ለ 12 በፍጻሜው ተሸነፈ። ሁለተኛውን ዋንጫ ያገኘው በ1949 ሳውዝ ሲድኒን 19 ለ 12 በማሸነፍ ነው። በ1953 እንደ ገና በሳውዝ ሲድኒ በፍጻሜው ድል ሆነ። እንግዲህ ከ1921 እስከ 1955 ባለው በ35 ዓመት ውስጥ ያገኘው ዋንጫ ሁለት ብቻ ነው። በ1955 መዝገቡን የተመለከተ ሰው፣ ይህ ክለብ መካከለኛ ክለብ ነው ብሎ ቢፈርድ አያስወቅሰውም ነበር።

ከእነዚህ ዓመታት አንድ ውጤት ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይሻር ቆይቷል። በ1935 ሴንት ጆርጅ በዚያው ዓመት ወደ ውድድር የገባውን ካንተርበሪ የተባለውን አዲስ ክለብ 91 ለ 6 አሸነፈ። የ85 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው፤ በዚህ ውድድር ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት ከዚያ ወዲህ አልታየም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኢስተርን ሰበርብስ ያንኑ ካንተርበሪን 87 ለ 7 መታው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ። ይሁን እንጂ ያ የተዋረደው ክለብ አልፈረሰም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1938 ራሱ ካንተርበሪ የውድድሩን ዋንጫ ወሰደ። እነሆ፣ የአንድ ቀን ቁጥር የአንድን ድርጅት ዕድል እንደማይወስን የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከ1956 እስከ 1966 ድረስ ሴንት ጆርጅ 11 ዓመት በተከታታይ፣ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ የሲድኒን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በፊት ሳውዝ ሲድኒ ከ1925 እስከ 1929 አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ ነበርና፣ አምስት ዓመት የማይደረስበት ወሰን ይመስል ነበር። ሴንት ጆርጅ ግን ይህን ወሰን አልፎ ከዕጥፍ በላይ አደረሰው። የፍጻሜዎቹም ውጤት እንደሚከተለው ነው።

በ1956 ባልሜይንን 18 ለ 12፤
በ1957 ማንሊን 31 ለ 9፤
በ1958 ዌስተርን ሰበርብስን 20 ለ 9፤
በ1959 ማንሊን 20 ለ 0፤
በ1960 ኢስተርን ሰበርብስን 31 ለ 6፤
በ1961 ዌስተርን ሰበርብስን 22 ለ 0፤
በ1962 ዌስተርን ሰበርብስን 9 ለ 6፤
በ1963 እንደ ገና ዌስተርን ሰበርብስን 8 ለ 3፤
በ1964 ባልሜይንን 11 ለ 6፤
በ1965 ሳውዝ ሲድኒን 12 ለ 8፤
በ1966 ባልሜይንን 23 ለ 4 አሸነፈ።

ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት የ1959ኙ ልዩ ነው፤ በዚያ ዓመት ክለቡ ከመጀመሪያው ግጥሚያ እስከ ፍጻሜው አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ውድድር ሳይሸነፍ ዓመቱን የጨረሰ ሌላ ክለብ አልተገኘም።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች እንደ ጥሩ መርማሪ እንያቸው። በመጀመሪያ ድምሩን እንውሰድ። በ11 ፍጻሜዎች ሴንት ጆርጅ 205 ነጥብ ሲያገባ የገባበት 63 ብቻ ነው። በአንድ ፍጻሜ የገባበትን ስናካፍለው 6 ነጥብ እንኳ አይሞላም። ይህም ማለት ባላጋራዎቹ የሲድኒ ምርጥ ክለቦች ሆነው ሳለ፣ በዓመቱ ትልቅ ቀን በአማካይ ሁለት ትራይ የሚያህል ነጥብ እንኳ ማግባት አቃታቸው ማለት ነው። እንግዲህ ክለቡ የገነነው በማግባቱ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም በመከላከሉ ነው።

ነገር ግን ድምሩን ብቻ ያየ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። ልዩነቱን በየዓመቱ እናስላ። ከ1956 እስከ 1961 ባሉት ስድስት ፍጻሜዎች ልዩነቱ 6፣ 22፣ 11፣ 20፣ 25 እና 22 ነበር። ከ1962 እስከ 1965 ባሉት አራት ፍጻሜዎች ግን ልዩነቱ 3፣ 5፣ 5 እና 4 ነው። አራቱ አንድ ላይ ቢደመሩ 17 ብቻ ይሆናል፤ ይህም በ1961 በአንድ ቀን ከተገኘው ልዩነት ያነሰ ነው። ዋንጫው በየዓመቱ በአንድ ቦታ ይቀመጥ እንጂ፣ ሌሎቹ ክለቦች ከዓመት ወደ ዓመት ይቀርቡ እንደ ነበር ቁጥሩ በግልጥ ይመሰክራል። በ1962 አንድ ትራይ፣ አንድ የዳኛ ፊሽካ፣ አንድ የረጠበ ኳስ ነገሩን ሊለውጠው ይችል ነበር። ከውጭ ለሚያየው ‹‹ዘንድሮም እንደ አምናው›› ይመስለዋል፤ ከውስጥ ላለው ግን ዘንድሮ እንደ አምናው አልነበረም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ‹‹ሥራው እንደ ተለመደው ተከናውኗል›› የሚል መግለጫ ስናነብ፣ በዚህ ቃል ሥር ምን ያህል ጭንቅ ተሸሽጎ እንዳለ ማሰብ ይገባናል።

የ1963ቱ ፍጻሜ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በዚያ ቀን ሜዳው በዝናብ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ የማን መለያ ልብስ የማን እንደ ሆነ እስከማይታወቅ ድረስ ተጫዋቾቹ በጭቃ ተለወሱ። ግጥሚያው 8 ለ 3 እንዳለቀ የሴንት ጆርጁ አምበል ኖርም ፕሮቫንና የዌስተርን ሰበርብሱ አምበል አርተር ሰመንስ በሜዳው ላይ ተገናኙ። ፕሮቫን እጅግ ረጅም፣ ሰመንስ አጭር ሰው ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሳሉ ጆን ኦግሬዲ የተባለ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕላቸውን አነሣ። ያ ሥዕል በሐውልት መልክ ተቀርጾ ዛሬ የአውስትራልያ ራግቢ ሊግ ዋንጫ ሆኖ ይሸለማል፤ ከ2013 ጀምሮም ዋንጫው በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል። ልብ እንበል፤ ከሁለቱ አንዱ ያሸነፈ፣ አንዱ የተሸነፈ ነው። ይህንኑ ክለብ በሦስት ተከታታይ ፍጻሜዎች የተዋጋው ዌስተርን ሰበርብስ በእነዚያ ሦስት ዓመታት የዋንጫ መዝገብ ላይ ከባዶ በቀር ምንም አልተጻፈለትም፤ በዋንጫው ላይ ግን የአምበሉ መልክ ከአሸናፊው እኩል ተቀርጾ ይኖራል። መዝገቡ የረሳውን ሥዕሉ አስታወሰው።

እንግዲህ አንድ ክለብ 11 ዓመት በተከታታይ ያሸነፈበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ‹‹ታላላቅ ተጫዋቾች ስለ ነበሩት ነው›› ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው፤ ፕሮቫን ከ1956 እስከ 1965 በተደረጉት በ10ሩም ፍጻሜዎች ተሰልፎ አሸንፏል። ሬግ ጋዝኒየርና ጆኒ ሬፐር በ1959፣ ግሬም ላንግላንድስ በ1963 ለክለቡ መጫወት ጀምረዋል። ጆኒ ኪንግ የተባለው የክንፍ ተጫዋች ከ1960 እስከ 1965 በተደረጉት ስድስት ተከታታይ ፍጻሜዎች በእያንዳንዱ ትራይ አግብቷል። የአውስትራልያ ራግቢ ሊግ ‹‹ሕያዋን›› ብሎ ከሰየማቸው ጥቂት ታላላቅ ተጫዋቾች መካከል ፕሮቫን፣ ጋዝኒየር፣ ሬፐርና ላንግላንድስ አራቱም የዚህ ክለብ ሰዎች ናቸው።

ሆኖም በ11ዱም ፍጻሜዎች የተሰለፈ አንድም ተጫዋች የለም። በ1956 ያሸነፈው ቡድንና በ1966 ያሸነፈው ቡድን በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በሰው ሌሎች ናቸው። አሠልጣኞቹም አንድ ሰው አልነበሩም። በ1956 ኖርም ቲፒንግ፣ ከ1957 እስከ 1961 ኬን ኪርኒ፣ ከ1962 እስከ 1965 ፕሮቫን፣ በ1966 ኢያን ዎልሽ ቡድኑን መርተዋል። በ11 ዓመት አራት መሪ ተለዋወጠ፤ ድሉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ምክንያቱን ከአንድ ሰው ጉልበት ይልቅ በድርጅቱ አሠራር ልንፈልገው ይገባል።

በአሠራሩ ውስጥ አራት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛው ከሌላ አገር ዕውቀትን መቅሰም ነው። ኪርኒ ወደ ሴንት ጆርጅ ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ አገር ለሊድስ ክለብ ተጫውቶ ነበርና፣ እንግሊዞች ተከላካዩን እንዴት በአንድ መስመር አሰልፈው ባላጋራን እንደሚያፍኑ ተመልክቶ ነበር። ያን ሥርዓት ለሲድኒ ተጫዋቾች አስተማረ። ሃሪ ባዝም ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝ ለዋሪንግተን ከተጫወተ በኋላ ሰው ሁሉ ዘመኑ አልፏል ሲለው ወደ ሴንት ጆርጅ መጣ፤ በ1957ቱም ፍጻሜ ስምንት ጊዜ ኳሱን በቋሚዎቹ መካከል አሳልፎ ከ31ዱ ነጥብ 16ቱን ብቻውን አስገኘ።

ሁለተኛው ልምምድ ነው። ሌሎች ክለቦች ስለ ብልሃት ብቻ ሲያስቡ፣ ሴንት ጆርጆች ስለ ሰውነት ብርታት አጥብቀው ያስቡ ነበር። ባላጋራው በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ሲደክም እነርሱ የሚበረቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የማያቋርጥ መተካካት ነው። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይዘጋጃል። በክለቡ ተጠባባቂ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ለሌላው ክለብ ዋና ተሰላፊ ሊሆን የሚችል ነበር። ከ1956 ጀምሮ የክለቡ ዋና ጸሓፊ የነበሩት ፍራንክ ፌሰር ተጫዋች እየመረጡ በማምጣት የታወቁ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ግን በየግጥሚያው ውጤት ላይ አይጻፍም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ በሜዳ ላይ ላሉት 13 ሰዎች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከሜዳ ውጭ በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚጽፈውም ጭምር ነው እንጂ።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ክለቡ 11ዱን ዋንጫ መውሰድ በጀመረበት በዚያው በ1956፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ሳንቲም የሚጐርሱት የቁማር መኪናዎች በክለቦች ውስጥ በሕግ እንዲሠሩ ፈቀደ። የክለቡ አባላት ማታ ማታ በመዝናኛው አዳራሽ ተሰብስበው በመኪናዎቹ ሲጫወቱ የሚቀረው ገቢ ለኳሱ ቡድን ይደርስ ነበር። በ1963 በኮገራ ሰፈር የተከፈተው የክለቡ አዳራሽ እጅግ ያማረ ከመሆኑ የተነሣ ሕዝቡ ‹‹ታጅ ማሃል›› ብሎ ሰየመው። ስለዚህ የድሉን ሒሳብ በእውነት የሚጽፍ ሰው፣ በአንድ ዓምድ የተጫዋቾቹን ወዝ፣ በሌላው ዓምድ ደግሞ ደመወዙን በመኪናው ጉሮሮ ጨምሮ ባዶ ኪሱን ወደ ቤቱ የገባውን ሰው ሳንቲም መጻፍ ይገባዋል። ይህ ሁለተኛው ዓምድ በማናቸውም የኳስ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ከአሠራሩ ሌላ የጨዋታው ሕግም ረድቷቸዋል። በዚያን ዘመን ኳሱን የያዘ ቡድን ተጫዋቹ ተይዞ በወደቀ ቁጥር ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ እያንከባለለ ጨዋታውን ይቀጥል ነበር፤ ስንት ጊዜ ቢወድቅ ኳሱን ይለቃል የሚል ወሰን አልነበረም። እንግዲህ ብርቱ ሰዎች ያሉት ቡድን ኳሱን አንድ ጊዜ ከያዘ ሳይሳሳት እስኪቀር ድረስ ለባላጋራው ሳይሰጥ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ኳስ ያልያዘ ደግሞ ነጥብ ሊያገባ አይችልም። ከ1967 ጀምሮ ግን ሕጉ ተሻሽሎ አንድ ቡድን አራት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ኳሱን እንዲለቅ ተደነገገ፤ በ1971 ደግሞ አራቱ ወደ ስድስት ከፍ ብሎ እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራበታል። ሕጉ የተለወጠው ሴንት ጆርጅን ለማስቆም ነው የሚሉ ሰዎች አልጠፉም። ነገሩ እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ በአሮጌው ሕግ የመጨረሻውን ዋንጫ የወሰደው ሴንት ጆርጅ በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያውን አላገኘም።

ፍጻሜው እንዴት እንደ ሆነ እንስማ። በ1965 ሳውዝ ሲድኒንና ሴንት ጆርጅን ለማየት 78,056 ሰው በሲድኒ የክሪኬት ሜዳ ተሰበሰበ፤ ስፍራ ያጣው በጣራ ላይ ወጥቶ ተመለከተ። ፕሮቫን በዚያ ቀን አሥረኛ ዋንጫውን ይዞ ተሰናበተ። በ1966 ክለቡ ባልሜይንን 23 ለ 4 አሸንፎ፣ ያ ጠቦ የነበረው ልዩነት እንደ ገና ሰፋ። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ ‹‹ኀይላቸው ታደሰ፤ ገና ሌላ አሥር ዓመት ይገዛሉ›› ሳይል አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት በ1967 ግን ሴንት ጆርጅ ለፍጻሜው ሊደርስ አንድ ግጥሚያ ሲቀረው 12 ለ 11 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ ማለት ነው።

ያሸነፈውስ ማን ነው? ካንተርበሪ ነው፤ ያ ከ32 ዓመት በፊት 91 ለ 6 ተመትቶ የነበረው ክለብ። የካንተርበሪ አምበልና አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን የመራውስ ማን ነው? ኬቪን ራያን የተባለ፣ እስከ 1966 ድረስ በሴንት ጆርጅ መለያ ልብስ የተጫወተና የቤቱን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ካንተርበሪ ራሱ በፍጻሜው በሳውዝ ሲድኒ 12 ለ 10 ተሸንፎ ዋንጫውን ሳያገኝ ቀረ፤ ነገር ግን የ11ዱን ዓመት ግዛት የዘጋው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንጨርሰው። ሴንት ጆርጅ በ1971 በሳውዝ ሲድኒ 16 ለ 10፣ በ1975 ደግሞ በኢስተርን ሰበርብስ 38 ለ 0 በፍጻሜው ተሸነፈ። በ1977 ከፓራማታ ጋር 9 ለ 9 እኩል ወጥቶ በድጋሚው ግጥሚያ 22 ለ 0 አሸነፈ፤ በ1979 ካንተርበሪን 17 ለ 13 ድል አደረገ። ሁለቱንም ጊዜ አሠልጣኙ ያው ቀድሞ የጠቀስነው ሃሪ ባዝ ነበር። በዚህም የክለቡ ዋንጫ 15 ሆነ። ከዚያ በኋላ በ1985፣ በ1992፣ በ1993 እና በ1996 እስከ ፍጻሜ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በ1998 መጨረሻ ኢላዋራ ከተባለው ክለብ ጋር ተዋሕዶ ከ1999 ጀምሮ ሴንት ጆርጅ ኢላዋራ በሚል ስም ይጫወታል። የተዋሐደው ክለብ በመጀመሪያው ዓመት በ107,999 ተመልካች ፊት እስከ ዕረፍት 14 ለ 0 እየመራ ቆይቶ በሜልበርን 20 ለ 18 ተሸነፈ። በ2010 ግን ሲድኒ ሩስተርስን 32 ለ 8 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ስለዚህ የቀድሞው ክለብ መዝገብ በ15 ዋንጫ ተዘግቶ ቀርቷል፤ አይጨመርበትም፤ አይቀነስበትምም።

ያ የ11 ዓመት ተከታታይ ድል እስካሁን አልተደፈረም። ከ1966 በኋላ አራት ዓመት በተከታታይ ለማሸነፍ የበቃው የፔንሪዝ ክለብ ብቻ ሲሆን፣ ያም ከ2021 እስከ 2024 ነው። አራት ዓመት ለማግኘት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከፈጀ፣ 11 ዓመት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ምንድን ነው? ‹‹11 ጊዜ አሸነፈ›› የሚለው ድምር እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ልዩነቱን ስናይ ክለቡ በመካከሉ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ እናውቃለን። የሰዎቹን ስም ስናይ ድሉ የአንድ ሰው ሳይሆን የመተካካት ውጤት መሆኑን እናውቃለን። ሕጉን ስናይ ከድሉ የተወሰነው ክፍል የዘመኑ እንደ ነበረ እንረዳለን። የገንዘቡን ምንጭ ስናይ ወጪውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ እንረዳለን። የተሸነፉትን ስናይ ደግሞ ያለ እነርሱ ድሉ ዋጋ እንዳልነበረው እንማራለን።

በየጠረጴዛችን ላይ ያለው መዝገብም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ያማረ ሲሆን ‹‹በምን ዋጋ?›› ብለን እንጠይቅ፤ ቁጥሩ ያነሰ ሲሆን ደግሞ ‹‹ከምን ተነሥቶ?›› ብለን እንጠይቅ። በ1935 በካንተርበሪ ላይ የፈረደ ሰው 91 ለ 6 የሚለውን ብቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ ክለቡን ይዘጋው ነበር፤ በ1966 ለሴንት ጆርጅ የፈረደ ሰውም 23 ለ 4 የሚለውን ብቻ አይቶ ዘላለማዊ ነው ይለው ነበር። ሁለቱም ፈራጆች በቁጥር አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ቁጥሩ በተጻፈበት ቀን መዝገቡን በመዝጋታቸው ነው።